የግሬሊን አንቲቦዲ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጨጓራ የሚያመነጨውን የረሃብ ሆርሞን በላብራቶሪ ለመለካት ወይም በማይክሮስኮፕ ለማየት ለምትዘጋጁ፣ በተለይ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ግሬሊን ምንድን ነው?

ግሬሊን በዋናነት ጨጓራ ውስጥ የሚመረት ሆርሞን ነው። ምግብ ሰዓት ሲቃረብ በደም ውስጥ ከፍ ይላል፣ ከበላን በኋላ ይወርዳል። አንጎል ላይ ሲደርስ የምግብ ፍላጎትን ይቀሰቅሳል። የእድገት ሆርሞን እንዲለቀቅም ያደርጋል፤ ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ ፍለጋ የወጡትም በዚህ በኩል ነበር። ማሳያሱ ኮጂማ፣ ኬንጂ ካንጋዋና ባልደረቦቻቸው በ1999 ጃፓን ውስጥ ከአይጥ ጨጓራ ለይተው አወጡት።

ሆርሞኑ ትንሽ ነው፣ 28 አሚኖ አሲድ ብቻ። ልዩ የሚያደርገው ግን ሦስተኛው አሚኖ አሲድ ላይ የሚለጠፍበት ስምንት ካርቦን ያለው የስብ አሲድ ነው። ይህ ስብ የተለጠፈበት አሲል ግሬሊን ይባላል፤ ዋናውን ተቀባይ በደንብ የሚያነቃቃው እሱ ነው። ስቡ የሌለው ደግሞ ዴስ-አሲል ግሬሊን ነው። ስቡን የሚለጥፈው ጎአት የሚባል ኢንዛይም በ2008 ታወቀ። ይህችን ስብ አስታውሱ፤ ከታች የሚመጣው ጣጣ አብዛኛው ከእሷ ነው።

አንቲቦዲው ታዲያ ምን ይሠራል?

አንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ያለው ግሬሊን በፒኮግራም የሚቆጠር ነው፣ ማለትም በግራም ትሪሊዮንኛ። በዙሪያው ያሉት ሌሎች ፕሮቲኖች ግን በሚሊግራም ይለካሉ። አንቲቦዲ ከዚህ ሁሉ ግርግር መሀል የራሱን ኢላማ ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ነው። በራሱ አይታይም። ስለዚህ ቀለም የሚያመጣ ኢንዛይም ወይም የሚያበራ ምልክት እሱ ላይ፣ ወይም እሱን በሚይዝ ሁለተኛ አንቲቦዲ ላይ እናስራለን።

ሆርሞንን በአንቲቦዲ መለካት የቆየ ሐሳብ ነው። ሮዛሊን ያሎውና ሰለሞን በርሰን ኒው ዮርክ ውስጥ በ1950ዎቹ መጨረሻ ኢንሱሊንን በዚህ መንገድ ለኩ፤ ያሎው በ1977 የኖቤል ሽልማት ወሰደች። በርሰን ግን ቀድሞ አርፎ ነበር። እነሱ የተጠቀሙት ጨረር አመንጪ ምልክት ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን የምንሠራው በጨረር ፈንታ ቀለም የሚያመጣ ኢንዛይም በሚጠቀመው በኤላይዛ ነው።

አንቲቦዲውን ብወጋው የምግብ ፍላጎቴ ይቀንሳል?

አይቀንስም፣ በጭራሽም አትሞክሩት። ጠርሙሱ ላይ «ለምርምር ብቻ» የሚለው ጽሑፍ ለጌጥ አልተጻፈም። ውስጡ ያለው የጥንቸል ወይም የአይጥ ፕሮቲን ነው፤ ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ አደገኛ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል። ብዙ ጊዜ እንዳይበላሽ ሶዲየም አዛይድ የሚባል መርዝም ይጨመርበታል።

ሐሳቡ ራሱ ግን እብደት አይደለም። ሰውነት በራሱ ግሬሊንን የሚይዝ አንቲቦዲ እንዲያመርት የሚያደርግ ክትባት ተሠርቶ ነበር። በአይጦች ላይ የክብደት ጭማሪን አዘገየ። አንድ የስዊዘርላንድ ኩባንያ በሰው ላይ ሲሞክረው ግን ሰዎቹ አንቲቦዲ ቢያመርቱም ክብደታቸው ከሌሎቹ የተለየ አልሆነም። የምግብ ፍላጎት በአንድ ሆርሞን ብቻ አይመራም።

ሐኪም ቤት ሄጄ ግሬሊኔን ማስለካት እችላለሁ?

እንደ ስኳርና እንደ ኮሌስትሮል በየቀኑ የሚታዘዝ ምርመራ አይደለም። ሁሉም የተስማማበት «ጤናማ መጠን» የለውም። አንዱ ኪት (ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የመለኪያ ዕቃ) የሚሰጠው ቁጥር ከሌላው ጋር አይገጥምም። «ሁልጊዜ ይርበኛል፣ ግሬሊኔ ከፍ ብሎ ይሆን?» የሚለውን ጥያቄ አንድ ጊዜ በተቀዳ ደም መመለስ አይቻልም።

ብዙ ሰው የሚገርመው ሌላም ነገር አለ። ውፍረት ያለባቸው ሰዎች ግሬሊናቸው ባብዛኛው ዝቅ ያለ ነው። አመጋገብ ቀንሰው ሲከሱ ይጨምራል፤ የቀነሱት ኪሎ ተመልሶ ለመምጣቱ አንዱ ምክንያት ይህ እንደሆነ ይታሰባል። ፕራደር ዊሊ የሚባል የዘር ችግር ያለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ በጣም ከፍ ይላል። ጨጓራን በቀዶ ጥገና እንደ ቱቦ የሚያጠብቡ ሐኪሞች ግሬሊን አመንጪው ክፍል አብሮ ስለሚወጣ መጠኑ ሲወርድ ያያሉ።

አንቲቦዲው እንዴት ይመረታል?

የግሬሊን ቁራጭ በፋብሪካ ይቀናበራል። ብቻውን ትንሽ ስለሆነ የእንስሳ ሰውነት ላያስተውለው ይችላል። ስለዚህ ከትልቅ ፕሮቲን ጋር ይያያዝና ጥንቸል ይወጋል። ከሳምንታት በኋላ ከጥንቸሉ ደም አንቲቦዲው ይለያል። ይህ ፖሊክሎናል ይባላል፤ የብዙ ህዋሳት ምርት ድብልቅ ነው።

ሞኖክሎናል ደግሞ ከአንድ የህዋስ ዘር ብቻ የሚገኝ ነው። ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልሽታይን ዘዴውን በ1975 አሳተሙ፣ በ1984 ኖቤል ተሸለሙበት። ሦስተኛው ዓይነት ሪኮምቢናንት ነው። የአንቲቦዲው የዘር ቅደም ተከተል ስለሚታወቅ እንስሳ ሳያስፈልግ ደጋግሞ ማምረት ይቻላል።

የትኛውን ዓይነት ልግዛ?

ሪኮምቢናንት ካገኛችሁ እሱን። ዛሬ የገዛችሁትና ከሦስት ዓመት በኋላ የምትገዙት አንድ ዓይነት ይሆናል። ፖሊክሎናል ሲግናሉ፣ ማለትም የሚያሳየው ቀለም ወይም ብርሃን፣ ጠንካራ ነው፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀላል። ነገር ግን ጥንቸሉ ሲሞት ያ አንቲቦዲ አለቀ። ቀጣዩ ሎት፣ ማለትም የምርት ዙር፣ ከሌላ ጥንቸል ነው፣ የካታሎግ ቁጥሩ ግን ያው ነው! በ2015 ከመቶ በላይ ተመራማሪዎች ኔቸር መጽሔት ላይ አንቲቦዲ ሁሉ በዘር ቅደም ተከተሉ ተለይቶ ይመረት ብለው የጠየቁት በዚሁ ምሬት ነው።

ፖሊክሎናል መግዛት ግድ ከሆነባችሁ ለጠቅላላው ጥናት የሚበቃችሁን ከአንድ ሎት ግዙ። የሎት ቁጥሩን ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፣ ስታሳትሙም ጥቀሱት።

በካታሎግ ላይ «ግሬሊን አንቲቦዲ» የሚባለው ሁሉ አንድ ነው?

አይደለም። ከዚህ ገጽ አንድ ጥያቄ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

የግሬሊን መጀመሪያ ጫፍ ስቧ ያለችበት ነው። በዚህ ጫፍ ላይ ስቧን ጨምሮ የሚይዝ አንቲቦዲ አሲል ግሬሊንን ብቻ ያያል። መጨረሻው ጫፍ ላይ የሚይዝ አንቲቦዲ ስቧ ኖረች አልኖረች ግድ የለውም፤ ሁለቱንም ይቆጥራል። ይህ «ጠቅላላ ግሬሊን» የሚባለው ነው። በደም ውስጥ አብዛኛው ዴስ-አሲል ስለሆነ ሁለቱ አንቲቦዲዎች የሚሰጡት ቁጥር በብዙ እጥፍ ይለያያል። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ገና ያልተቆረጠውን 117 አሚኖ አሲድ ያለውን ቅድመ ግሬሊን የሚይዝ። ያ ቅድመ ፕሮቲን ሲቆራረጥ ኦቤስታቲን የሚባል ሌላ ቁራጭም ይወጣዋል። ስለዚህ አንቲቦዲው የተሠራው ከግሬሊኑ ክፍል ውጭ ባለ ቁራጭ ከሆነ፣ ስሙ ግሬሊን ቢልም ሆርሞኑን ራሱን አያይም።

ከአንቲቦዲው ጋር የሚመጣው የመረጃ ወረቀት፣ ዳታሺቱ፣ ላይ የምትፈልጉት አንድ መስመር አለ፦ አንቲቦዲው የተሠራው ከየትኛው አሚኖ አሲድ እስከ የትኛው ባለ ቁራጭ ነው? ቁራጩስ ስቡ ነበረበት? ሻጩ ይህን ካልጻፈ በኢሜይል ጠይቁት። «ሚስጥር ነው» ካለ እኔ ብሆን ሌላ ሻጭ እፈልጋለሁ። የምትከፍሉት ብር በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ተፈቅዶ እስኪመጣም ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ምን እንደምትገዙ ማወቅ መብታችሁ ነው።

ጥናታችሁ ስለ ረሃብ ከሆነ አሲሉን ለኩ፤ ከተቻለም ሁለቱንም። ዴስ-አሲል ቆሻሻ ነው የሚለው የድሮ አባባል አሁን ብዙ ደጋፊ የለውም፤ የራሱ ሥራ እንዳለው የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ።

ደሙን እንዴት ልሰብስብ?

ውጤት የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ስቧ በቀላሉ ትነቀላለች። ደም ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ቱቦው ውስጥም ሥራቸውን አያቆሙም። ናሙናው ጠረጴዛ ላይ በቆየ ቁጥር አሲል ግሬሊን እየቀነሰ ዴስ-አሲል እየጨመረ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ ያለ ምርጥ አንቲቦዲ ብትጠቀሙ የጠፋውን አይመልስላችሁም።

የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ያለበት ቱቦ ቀድማችሁ በረዶ ላይ አቀዝቅዙ። ደሙ እንደተቀዳ ኤኢቢኤስኤፍ የሚባለውን የኢንዛይም ማገጃ ወዲያው ጨምሩ፤ መጠኑን ከኪቱ መመሪያ ውሰዱ። ቱቦውን በቀስታ ገልብጡ፣ አትናጡት፤ ቀይ የደም ህዋሳት ከፈረሱ ሌላ ጣጣ ነው። በ4 ዲግሪ ሴንትሪፉጅ አድርጉ። ፕላዝማውን ለዩና አሲድ አድርጉት፤ በብዛት የሚሠራበት ለ1 ሚሊ ሊትር ፕላዝማ 100 ማይክሮ ሊትር የ1 ኖርማል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ከዚያ በትንንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ ከዜሮ በታች 80 ላይ አስቀምጡ። አንዳንድ ኪቶች ሌላ ማገጃ ያዝዛሉ፤ አንዱ ሜርኩሪ ያለበት ነውና ጓንትና የቆሻሻ አወጋገድ ላይ አትቀልዱ።

የሚቀዘቅዝ ሴንትሪፉጅ በሌለበት ጤና ጣቢያ ናሙና ልትሰበስቡ ካሰባችሁ እውነቱን ቀድማችሁ ተቀበሉ። ወይ ተሳታፊዎቹን ዕቃው ወዳለበት አምጡ፣ ወይ ጠቅላላ ግሬሊንን ለኩ። ጠቅላላው መጉላላትን የተሻለ ይችላል፤ ቢሆንም እሱም በበረዶ መያዝ አለበት።

ካለፈ ጥናት የተረፈ ሴረም ፍሪዘር ውስጥ አለኝ። ይሆናል?

ለአሲል ግሬሊን አይሆንም። ማገጃም አሲድም አልተጨመረበትም፤ ሴረም ለመለየት ደግሞ ደሙ በክፍል ሙቀት እስኪረጋ ተጠብቋል። ለጠቅላላ ግሬሊን፣ ሁሉም ናሙና በአንድ ዓይነት መንገድ ከተያዘና ደጋግሞ ካልቀለጠ፣ እንደ መነሻ መረጃ ሊያገለግል ይችላል።

ተሳታፊዎቹ በባዶ ሆድ መምጣት አለባቸው?

አዎ፣ ወይም ቢያንስ ሁሉም በተመሳሳይ ሁኔታ። ግሬሊን ከምግብ በፊት ወጥቶ ከተበላ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ በግልጽ ይወርዳል። አንዱ ቁርስ በልቶ፣ ሌላው ሳይበላ ከመጡ የምታነጻጽሩት ቁርስን እንጂ ሰዎችን አይደለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለምትሠሩ ሁለት ነገር። መጠይቁ ላይ «ጾመዋል?» ብላችሁ አትጠይቁ። በዐቢይ ጾም የመጡ እናት «አዎ» ይሏችኋል፣ ጠዋት በሽሮ በልተው ይሆናል። ሌላዋ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አልቀመሱ ይሆናል። «መጨረሻ የበሉት በስንት ሰዓት ነው? ምን በሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። የጾም ወቅት መሆን አለመሆኑንም መዝግቡ፤ ለሳምንታት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት የማይበላ ሰው ግሬሊኑ ከፍ የሚልበት ሰዓት ከሌላው ጋር ላይገጥም ይችላል።

ሁለተኛው ሰዓት አጻጻፍ ነው። አንዱ ነርስ 2፡00 ሲል ሌላው 8፡00 ይጽፋል፣ ሁለቱም ጠዋት ማለታቸው ነው። እንደ ግሬሊን ሰዓት ተከትሎ ለሚወጣና ለሚወርድ ሆርሞን ይህ ዳታውን ድራሹን ያጠፋዋል። በአንዱ ተስማሙና ቅጹ ላይ በትልቁ ጻፉት።

አንቲቦዲው ሲደርሰኝ እንዴት ላስቀምጠው?

መጀመሪያ ዳታሺቱን አንብቡ። በደረቅ ዱቄት መልክ ከመጣ መንገድ ላይና ጉምሩክ ላይ መቆየትን የተሻለ ይችላል፤ ማዘዝ ከቻላችሁ ይህን ምረጡ። ፈሳሽ ከሆነ ቱቦውን ለአጭር ጊዜ ሴንትሪፉጅ አድርጋችሁ፣ በትንንሹ ከፋፍላችሁ ከዜሮ በታች 20 አስቀምጡ። ደጋግሞ ማቀዝቀዝና ማቅለጥ አንቲቦዲን ይገድላል። በየጊዜው በረዶውን በራሱ የሚያቀልጥ የቤት ፍሪዘር ለዚህ አይሆንም።

መብራት ለሚጠፋበት ላብራቶሪ ጥሩው ነገር ግማሹ ግሊሰሮል የሆነ መፍትሔ ነው። ከዜሮ በታች 20 ላይ ጭራሽ አይረጋም፤ ስለዚህ መብራት ሄዶ ቢመጣም የመቀዝቀዝና የመቅለጥ ጉዳት አይደርስበትም። የተቀጠነ አንቲቦዲ ግን ለዕለቱ ብቻ ነው። ነገ እጠቀምበታለሁ ብላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አታሳድሩት።

ስለ ሶዲየም አዛይድ አንድ ነገር ልጨምር። ኤችአርፒ የተባለውን፣ ቀለም የሚያመጣውን ኢንዛይም፣ ያግደዋል። አንቲቦዲው ብዙ ሲቀጥን አዛይዱም ስለሚቀጥን ችግር የለውም። የማጠቢያ ወይም የማቅጠኛ ፈሳሻችሁ ውስጥ ካለ ግን ቀለም የሚባል ነገር አታዩም።

በስንት ላቅጥነው?

ዳታሺቱ ላይ ያለው ቁጥር መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። የእነሱ ቲሹ፣ የእነሱ ማይክሮስኮፕ፣ የእነሱ ሁለተኛ አንቲቦዲ ነው። ለቲሹ ማቅለም ከ1 ለ100 ጀምራችሁ በእጥፍ እያቀጠናችሁ እስከ 1 ለ3200 ሞክሩ፤ ሁሉንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ስላይድ። የምትመርጡት በጣም የጠቆረውን ሳይሆን በህዋሱና በዙሪያው መካከል ያለው ልዩነት የጎላበትን ነው። ብዙ ጀማሪ ያልተቀጠነ አንቲቦዲ ተጠቅሞ ሁሉ ነገር ቡናማ ሲሆንበት «ግሬሊን በየቦታው አለ» ይላል።

ትክክል መሥራቱን በምን አውቃለሁ?

የጨጓራን የላይኛውን ክፍል፣ ፈንደስ የሚባለውን፣ ውሰዱ። ግሬሊን አመንጪ ህዋሳት በብዛት ያሉት እዚያ ነው። በዕጢዎቹ መሀል ተበታትነው፣ ይበልጡን ወደ ግርጌው በኩል፣ አንድ አንድ እያሉ ይታያሉ። የጡንቻው ሽፋን ባዶ መሆን አለበት። ጡንቻውም ዕጢውም እኩል ከተቀለመ ያያችሁት ባክግራውንድ፣ ማለትም ኢላማውን ያልያዘ ቀለም፣ ነው።

ሁልጊዜ ከጎኑ የመጀመሪያው አንቲቦዲ ያልገባበት ስላይድ ይኑር። ጨጓራ በዚህ በኩል ተንኮለኛ አካል ነው። በቲሹው የቀረ ደም የራሱ ፐርኦክሲዴዝ ስላለው በሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ቀድማችሁ ካላገዳችሁት በራሱ ቀለም ያመጣል። አሲድ አመንጪዎቹ ህዋሳትም የራሳቸው ባዮቲን ስላላቸው በባዮቲን የሚሠራ ዘዴ ከሆነ አብረው ሊቀለሙ ይችላሉ። በፖሊመር የሚሠራውን ምረጡ። የአይጥ ቲሹ ላይ በአይጥ የተሠራ አንቲቦዲ ማድረግም ሌላ ራስ ምታት ነው፤ ሁለተኛው አንቲቦዲ የቲሹውን የራሱን አንቲቦዲ ሁሉ ይይዛል። የጥንቸል ይሻላል።

ዌስተርን ብሎት ላይ ባንድ አይታየኝም። ለምን?

ዌስተርን ብሎት ፕሮቲኖችን በጄል ውስጥ በክብደት ለይቶ፣ ሜምብሬን ላይ አሸጋግሮ በአንቲቦዲ የሚያሳይ ዘዴ ነው። ግሬሊን 3.4 ኪሎ ዳልተን ገደማ ነው። በተለመደው ጄል ውስጥ ከቀለሙ ግንባር ጋር አብሮ ይወጣል፣ ወይም ሜምብሬኑን አልፎ ይሄዳል። ትራይሲን ጄል፣ 0.2 ማይክሮን ቀዳዳ ያለው ፒቪዲኤፍ ሜምብሬንና አጭር የማሸጋገሪያ ጊዜ ያስፈልጋል። ከተሸጋገረ በኋላ በግሉታራልዴሃይድ ማጣበቅም ይረዳል፤ ትንንሽ ፔፕታይድ (አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት) ሲታጠብ አብሮ ይሄዳልና።

ብዙ ሰው የሚያሳየው ባንድ 13 ኪሎ ዳልተን አካባቢ ያለው ነው። ያ ቅድመ ግሬሊን ሊሆን ይችላል እንጂ ሆርሞኑ አይደለም። 50 ላይ ባንድ አይታችሁ «ግሬሊን ተገኘ» የምትሉ ከሆነ ግን እንደገና አስቡበት። በእኔ እምነት ለዚህ ሆርሞን ዌስተርን ብሎት ትክክለኛው መሣሪያ አይደለም። መጠን ከፈለጋችሁ ኤላይዛ፣ ቦታ ከፈለጋችሁ ቲሹ ማቅለም።

ሌፕቲንም እንዲህ አስቸጋሪ ነው?

አይደለም። ሌፕቲን፣ ከስብ ህዋሳት የሚመነጨው የጥጋብ ሆርሞን፣ 16 ኪሎ ዳልተን ነው፣ የምትነቀል ስብም የለበትም፣ በሴረምም ይለካል። ሆርሞን መለካት ገና የምትለማመዱ ከሆነ በሌፕቲን ጀምሩ።

የሰው አንቲቦዲ ለበግ፣ ለከብት ወይም ለዶሮ ይሠራል?

የትኛውን ጫፍ እንደሚይዝ ይወሰናል። የመጀመሪያዎቹ 10 አሚኖ አሲዶች በአጥቢ እንስሳት ላይ አንድ ዓይነት ናቸው ማለት ይቻላል። የሰውና የአይጥ ግሬሊን የሚለያዩት 11ኛውና 12ኛው ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያውን ጫፍ የሚይዝ አንቲቦዲ ብዙ እንስሳ ላይ የመሥራት ዕድል አለው። የበግና የከብት ግሬሊን 27 አሚኖ አሲድ ነው፣ መጨረሻው ጫፍም ከሰው ይለያል። ጠቅላላ ግሬሊን የሚለካ የሰው ኪት ወስዳችሁ በግ ላይ ብትሞክሩ ባዶ ሊወጣ ይችላል።

ዶሮ ለብቻዋ ናት። ግሬሊኗ 26 አሚኖ አሲድ ሲሆን ከሰባተኛው በኋላ መለያየት ይጀምራል። ይባስ ብሎ ጫጩት አንጎል ውስጥ ግሬሊን ሲሰጥ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። የዶሮ እርባታ ላይ የምትሠሩ ይህን ሳታውቁ ውጤቱን ብትተረጉሙ ነገሩ ይገለበጥባችኋል።

ሁለት ኪት ሁለት የተለያየ ቁጥር ሰጠኝ። የቱን ልመን?

መጀመሪያ መለኪያውን አስተያዩ። አንዱ በፒኮግራም በሚሊ ሊትር፣ ሌላው በፒኮሞል በሊትር ይሆናል። ለአሲል ግሬሊን 1 ፒኮሞል በሊትር ማለት 3.37 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ብዙ «ልዩነት» እዚህ ላይ ያልቃል።

ካላለቀ አሠራሩን እዩ። ሳንድዊች የሚባለው ኤላይዛ ሁለት አንቲቦዲ ይጠቀማል፣ አንዱ በዚህ ጫፍ፣ ሌላው በዚያ። ሙሉ የሆነውን ሆርሞን ብቻ ይቆጥራል። በውድድር የሚሠራው ግን አንድ አንቲቦዲ ስላለው የተቆረጠ ቁራጭም ሊቆጥር ይችላል፣ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ሰዎች በተፈጥሯቸው ግሬሊንን የሚይዙ የራሳቸው አንቲቦዲዎች በደማቸው ውስጥ ሊኖሯቸውም ይችላል፤ እነዚህም መለኪያውን ሊያዛቡ ይችላሉ። ለማጣራት የታወቀ መጠን ያለው ግሬሊን ናሙናው ውስጥ ጨምራችሁ ምን ያህሉ ተመልሶ እንደሚነበብ እዩ። ናሙናውን በእጥፍ ስታቀጥኑም ቁጥሩ በግማሽ መውረድ አለበት። ካልወረደ ያ ኪት ለእናንተ ናሙና አይሆንም። በአንድ ጥናት መሀል ኪት መቀየር ደግሞ አይታሰብም።

አንጎል ውስጥ ሲግናል አገኘሁ። ግሬሊን የሚያመርቱ ነርቮች ናቸው?

ቀስ በሉ። ይህ የዘርፉ የቆየ ክርክር ነው። በአንቲቦዲ የሠሩ ቡድኖች ሃይፖታላመስ ውስጥ ግሬሊን ያላቸው ነርቮች አየን ብለዋል። የግሬሊን ጂን ሥራ ላይ ሲሆን ምልክት የሚሰጡ አይጦችን የሠሩ ሌሎች ደግሞ ጨጓራው በምልክት ሞልቶ አንጎሉ ባዶ ሆኖ አገኙት። ያያችሁት ሲግናል ከደም የመጣ ግሬሊን፣ አንቲቦዲው የያዘው ሌላ ፕሮቲን፣ ወይም እውነተኛ ነርቭ ሊሆን ይችላል። ስላይዱ ብቻውን አይለይላችሁም። ህዋሱ ሆርሞኑን ለማምረት ከጂኑ የሚቀዳውን ኤምአርኤንኤ በዚያው ቦታ ፈልጉ።

በፔፕታይድ አግጄው ሲግናሉ ጠፋ። ይህ በቂ ማረጋገጫ ነው?

ገምጋሚዎች ስለሚጠይቁ ሁሉም ይሠራዋል፤ በቂ ግን አይደለም። አንቲቦዲውን ከግሬሊን ፔፕታይድ ጋር አስቀድሞ ማቆየት ያ አንቲቦዲ ፔፕታይዱን እንደሚይዝ ያሳያል። ይህ ደግሞ ድሮም የታወቀ ነው፤ የተሠራው ለዚያው ነውና። ቲሹው ላይ የያዘው ነገር ግሬሊን መሆኑን ግን አያሳይም። ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው ሌላ ፕሮቲን ይዞ ቢሆንም በፔፕታይዱ ሲሞላ ያንንም ይለቅቃል። ሲግናሉ በሁለቱም መንገድ ይጠፋል።

ከሁሉ የሚበልጠው የግሬሊን ጂን የተነቀለበት አይጥ ጨጓራ ነው። እዚያ ላይ ሲግናል ካለ አንቲቦዲው ይዋሻል። እንዲህ ያለ አይጥ እኛ ጋ በቀላሉ አይገኝም፤ ነገር ግን የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ሦስት በፓራፊን የተዘጋጀ ስላይድ ብቻ ነው። እነዚህን አይጦች ለሚጠቀም የውጭ ላብራቶሪ በትህትና ጻፉ፤ ፓራፊን በረዶ ስለማይፈልግ በፖስታ ይመጣል። እሱ ካልተሳካ ሌላውን የሆርሞኑን ጫፍ የሚይዝ ሁለተኛ አንቲቦዲ በተከታዩ ስስ ቁራጭ ላይ ሞክሩ። ሁለቱ ያንኑ ህዋስ ካሳዩ ጥሩ ማስረጃ ነው። ፈንደሱን ከጨጓራው መውጫ ጋር አነጻጽሩ፤ ወደ መውጫው ስትሄዱ ህዋሳቱ መሳሳት አለባቸው። ከእነዚህ አንዱንም መሥራት ካልቻላችሁ ጽሑፋችሁ ላይ «ግሬሊን» ከማለት «ግሬሊን መሰል ሲግናል» በሉ፤ ገምጋሚም በዚህ አይጣላችሁም።